ክዳን የሌለው ብዕር

አባቴ በነሐሴ ሞተ፤ ጽሕፈቱ ግን በመስከረም እኔ እጅ ላይ ተገኘ። እንዲህ ብዬ ስጀምር ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር።

ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ ነው። አሰላ ውስጥ ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ፣ ከአንድ ትልቅ ጽድ ሥር፣ ራፖር ጸሐፊዎች አግዳሚ ላይ ተደርድረው ይቀመጡ ነበር። አቤቱታ ያለው ባላገር ይመጣል፣ ጉዳዩን ይናገራል፣ ጸሐፊው ለፍርድ ቤት በሚሆን አማርኛ ይጽፍለታል፣ ባላገሩም ወረቀቱን ይዞ ወደ መዝገብ ቤት ይገባል። አባቴ ከእነዚህ ጸሐፊዎች አንዱ ነበር። ከሸዋ፣ ከቤተ ክህነት ትምህርት የመጣ ሰው ስለሆነ ጽሕፈቱ የብራና ጽሕፈት ይመስላል፤ ወፍራም፣ ቀጥ ያለ፣ አንዱ ፊደል ሌላውን የማይነካ። አራት ነጥቡን ደግሞ እንደ ምስማር ነበር የሚመታው። ወረቀቱን ገልብጦ የዳሰሰ ሰው ነገሩ የት ላይ እንዳለቀ በጣቱ ያውቃል። ማንበብ የማይችለው ባላገር ሳይቀር ጀርባውን እየዳሰሰ «አዎ፣ እሳቸው የጻፉት ነው» ይል ነበር።

እኔ ስምንተኛ ክፍል ከጨረስኩ በኋላ ሁለት ዓመት አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ሥራዬ መገልበጥ ነው። አቤቱታ ሁለት ቅጂ ያስፈልገዋል፤ አንዱ ለመዝገብ ቤት፣ አንዱ ለተከሳሽ። ዋናውን እሱ ይጽፋል፣ ሁለተኛውን እኔ ከእሱ እያየሁ እጽፋለሁ። የእኔ ጽሕፈት የትምህርት ቤት ጽሕፈት ነበር፤ ክብ ክብ ያለ፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለ። አባቴ አይወደውም። «ይሄ ፊደል ነው ወይስ ሰክሮ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው?» ይለኛል። እኔም ከልጅነቴ ቁጡ ነኝ፤ «ቢሰክርም የራሴ ነው» እላለሁ። እውነቴን ነበር። ሹራቤ የእናቴ ነው፣ ጫማዬ የአክስቴ ነው፣ ስሜን እንኳ ያወጡልኝ በሞተችው የአባቴ እህት ስም ነው። ከማንም ሳይወርድልኝ የመጣ ነገር ቢኖር ያ ያዘነበለ ጽሕፈት ብቻ ነበር። እወደው ነበር።

አባቴ የክረምቱ ብርድ ደረቱ ላይ ተቀምጦበት ነው የሞተው። ሰባቱ እንደወጣ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ምድጃው አጠገብ እንደተቀመጠች፣ «ያ ቦታ ባዶ ከዋለ ሌላ ሰው ይይዘዋል» አለችኝ። በማግስቱ ጠረጴዛውንና ብዕሩን ይዤ ወጣሁ። «ሴት ልጅ ደግሞ ራፖር ልትጽፍ?» ያለ አልጠፋም። ሌሎቹ ጸሐፊዎች ግን ለአባቴ ሲሉ ቦታውን ለቀቁልኝ።

መጀመሪያ የመጣው ከዴራ በኩል የወጣ ሽማግሌ ነበር፤ ጎረቤቱ ከብት ነድቶበታል። በአባቴ ብዕር ጻፍኩለት። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ክዳኑ ተጠምዝዞ የሚወልቅ ብዕር ነው። ጨርሼ ስሰጠው ሽማግሌው እንደ ልማዱ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን ዳሰሰ። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀና «ነፍስ ይማር» አለ። ለቅሶ መድረሱ መስሎኝ «አሜን» ብዬ ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። የኔ ጽሕፈት አልነበረም። ወፍራሙ፣ ቀጥ ያለው፣ አንዱ ፊደል ሌላውን የማይነካው የአባቴ ጽሕፈት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእሱ እየገለበጥኩ አንድም ቀን እሱን መስዬ አላውቅም። ሳቅ አልኩ፤ የፈራ ሰው እንደሚስቅ ሳቅ።

ነገሩ በዚያ ቢቀር ደግ ነበር። በሁለተኛውም በሦስተኛውም አቤቱታ እንደዚያው ሆነ። እንዲያውም ሌላ ነገር ተጨመረ። አባቴ ቃል ሲጠፋው የብዕሩን ክዳን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ ይመታ ነበር፤ ቷ፣ ቷ፣ ቷ። ያንን ድምፅ እኔ ስጽፍ እሰማው ጀመር። ቀና ብዬ ግራና ቀኝ አያለሁ፣ ማንም የለም። አንድ ቀን ዝቅ ብዬ ሳይ ክዳኑን የያዘው የራሴ ግራ እጅ ነው፤ እየመታ ነው። እጄን እባብ እንደነካ ሰው ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁት።

እናቴ ፊደል አትቆጥርም፤ የባሏን ጽሕፈት ግን እንደ ፊቱ ታውቀዋለች። አንድ የተበላሸ ወረቀት ቤት ውስጥ ጥዬ ብወጣ አንሥታ፣ አለስልሳ፣ ከልብሶቹ ጋር ሳጥን ውስጥ ከታዋለች። «የሱን ወረቀት ለምን ሜዳ ትጥይዋለሽ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ከዚያ ፊቷን አዞረችና «ሙት ይዞ ይሞታል፤ ጸበል ተጠመቂ» አለች። ከዚያ በኋላ እኔ ስጽፍ አጠገቤ አትቀመጥም ነበር።

እኔ ግን በብዕሩ ላይ ፈረድኩ። ብዕር እንደ ጫማ ነው፤ ስንት ዓመት የተጫማው ሰው እግር ይቀረጽበታል። የአባቴ ብዕር ጫፉ በእሱ እጅ ልክ ተበልቶ አልቋል፤ ማንም ቢይዘው የእሱን ፊደል ነው የሚጽፈው። እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። መፍትሔው ሌላ ብዕር መግዛት ነው፤ ሌላ ብዕር ብቻ ሳይሆን አባቴ ሊይዘው የማይችል ብዕር።

በዋናው መንገድ ላይ ከጨርቅ እስከ ምስማር የሚሸጥ ሱቅ ነበር። ባለሱቁ ከጉራጌ አገር የመጣ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። ብዕር እንደምፈልግ ስነግረው ከመስተዋቱ ሥር ክዳናቸው ወርቅ የመሰለ ብዕሮች ደረደረልኝ። «ይሄን ያየሽ እንደሆነ፣ ኪስ ላይ ተሰክቶ ከሩቅ ይታያል። የባለሥልጣን ነው» አለ።

«እኔ ኪስ የለኝም።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ባል ፈልጊና ኪሱ ላይ ትሰኪለታለሽ!»

አባቴ ከሞተ ወዲህ ከልቤ የሳቅሁት ያን ዕለት ነው። «ክዳን የሌለው የለዎትም?» አልኩት።

«ክዳን የሌለውማ እስክሪብቶ ነው፤ ሞልቷል።»

እስክሪብቶ አልፈለግሁም። መዝገብ ቤቱ በእስክሪብቶ የተጻፈ ሲያይ ፊቱን ያጠቁራል። «በቀለም የሚጽፍ ሆኖ ክዳን የሌለው» አልኩ። «ልጄ፣ ድስት እንኳ ይከደናል! ያልተከደነ ብዕር ሲያድር ይደርቃል» ብሎ ሳቀብኝ። ሳቁን ሳይጨርስ ግን አንድ ነገር ትዝ አለውና ከመደርደሪያው ጥግ አቧራ የጠጣ ካርቶን አወረደና አንድ ብዕር አወጣ። ከጃፓን ዕቃ ጋር የመጣ ነው፤ ጫፍ ስለሌለው ተበላሽቶ የተላከ መስሎት አስቀምጦታል። ተቀበልኩትና ከኋላው ያለውን ቁልፍ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ጠቅ አለ። ከአፉ ላይ ስስ መዝጊያ ተከፈተና ቀጭን የብዕር ጫፍ ብቅ አለ። ደግሜ ስጫነው ገባ፤ መዝጊያውም ተዘጋ። ባለሱቁ ነጠቀኝ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እያደረገ «ይሄን ሁሉ ጊዜ በሽተኛ ነው ብዬ አስተኝቼው!» እያለ እንደ ሕፃን ተጫወተበት።

እኔ ያየሁት ሌላ ነገር ነበር። ኪስ ላይ የሚሰካበት ብረት እንደ ሌላው ብዕር ክዳን ላይ አይደለም፤ ጫፉ በሚወጣበት በኩል ነው። ብዕሩ ሲሰካ አፉ ወደ ላይ ሆኖ ቀለሙ እንዳይፈስ ነው መሰለኝ። ሊጽፉበት ሲይዙት ግን ያ ብረት አውራ ጣትና ሌባ ጣት መካከል ይገባል። «ይሄማ ይቆረቁርሻል፣ ሌላ ውሰጂ» አለ ባለሱቁ ከልቡ አዝኖ። አባቴ ብዕር ሲይዝ አውራ ጣቱን በሌባ ጣቱ ላይ አጥልፎ፣ እንደ ቢላ እጀታ ጨብጦ ነው። በዚህ ብዕር እንደዚያ አይያዝም፤ ብረቱ አይፈቅድም፤ ሁለቱ ጣቶች ግራና ቀኝ ካልተለያዩ አይሆንም። ደግሞ የሚመታ ክዳን የለውም። ለባለሱቁ «የምፈልገው ይሄንኑ ነው» አልኩት፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም።

ለሥራዬስ በእውነት ጥሩ ብዕር ነበር። ከጭላሎ የሚወርደው የጥቅምት ነፋስ ወረቀት ይቀማል፤ በግራ እጄ ወረቀቱን ይዤ በቀኜ ብቻ ጠቅ አድርጌ እጀምራለሁ። በአባቴ ብዕር ጊዜ ክዳን ለመጠምዘዝ ሁለት እጅ ያስፈልግ ስለነበር ስንት ወረቀት እስከ ገበያው ድረስ አባርሬያለሁ። ባለጉዳይ በወሬ መሀል ዘመዱን አይቶ ተነሥቶ ሲሄድ ጠቅ አድርጌ እከተዋለሁ፤ ሲመለስ ጠቅ አድርጌ አወጣዋለሁ። አይደርቅም። ክፋቱ ቀለም ብዙ አይዝም። መሀሉን ነቅሎ፣ ከብልቃጡ እየጨመቁ መሙላት አለ፤ አመልካቹ «እያለቀስኩ አመለክታለሁ» ላይ ሲደርስ ቀለሙ ያልቃል። ጣቴ ሁልጊዜ ሰማያዊ ነበር። ኪስ ስለሌለኝ የሹራቤ አንገት ላይ እሰካው ነበር፤ ቀዝቃዛው ብረት አንገቴን ሲነካኝ ደስ ይለኛል።

ጽሕፈቱም ተለወጠ። የኔ ያዘነበለው አልተመለሰም፤ የአባቴም ግን አልነበረም። ጠባብ፣ ቀጭን፣ እንደ ተሰባበረ ነገር ነው፤ ጣቴ ብረቱን ሲሸሽ የሚያወጣው ጽሕፈት። አስቀያሚ ነበር። ባላገሩ ጀርባውን ዳስሶ ምንም ሲያጣ ቅር ይለዋል። እኔ ግን ከደስታዬ ብዛት ማታ ማታ ቤት ውስጥ ስዘፍን እናቴ «ገና አርባው ሳይወጣ!» ብላ ተቆጣችኝ። ትንሽ ቆይቶ ብረቱን ስለምደው የራሴ ጽሕፈት እንደሚመለስ እርግጠኛ ነበርኩ።

አርባው ወጣ። በሳምንቱ ያቺ ሴትዮ መጣች።

ከሳጉሬ ወዲያ ያለች የአርሲ ባላገር ናት፤ ባሏ የሞተባት ጭሰኛ። በክረምት መጥታ አባቴ ዘንድ ተቀምጣ ስትናገር አይቻታለሁ፤ እኔ ያን ቀን ሌላ ሥራ ይዤ ስለነበር ምን እንዳለች አልሰማሁም። አባቴ «ገብሱ ሲያሸት ተመለሺ፤ ያኔ ነው የሚጻፈው» ብሎ ሰደዳት። ገብሱ አሸተ፣ ተመለሰች፤ እሱ የለም። ሰላምታ ሰጥታኝ ተቀመጠች። ፊቷን ግን ወደኔ አላደረገችም። አባቴ ይቀመጥበት ወደነበረው የአግዳሚው ጫፍ ዞራ፣ ወደ ባዶው ቦታ ነበር የምትናገረው።

«ጌታዬ፣ ባለመሬቱ ትራክተር ተከራይቷል። ከሳጉሬ ገበያ ማግስት ይመጣል። ገብሱን ከነቆመ ይገለብጠዋል። ሌላ የለኝም» አለች።

«እማማ፣ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ለእኔ ይንገሩኝ» አልኳት።

«ለሱ ነግሬዋለሁ። እሱ ይነግርሻል።»

ደሜ ፈላ። «ሞቷል!» አልኳት፤ ጎረቤት ያሉት ጸሐፊዎች ዞረው እስኪያዩ።

«ነን ቤካ፣ አውቃለሁ» አለች ሳትቆጣ። «ለቅሶ መጥቻለሁ። ጻፊ እንጂ ልጄ፣ ገበያው ቅርብ ነው።»

ብዕሬን ጠቅ አደረግሁ። የምትፈልገው ቀላል ነገር ነው፤ ገብሱ እስኪታጨድና እስኪገባ ድረስ ማሳው እንዳይነካ የሚያዝ እግድ። ከዚያ በኋላ መሬቱን ለባለመሬቱ ትለቃለች። እሷ በኦሮምኛ ትናገራለች፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ። የትኛው ቃል ላይ እንደጀመረ አላውቅም። ጣቴ ብረቱ ላይ እየቆረቆረኝ ነበር፤ ከዚያ መቆርቆሩ ቆመ። ስጨርስ ሳየው አውራ ጣቴ በሌባ ጣቴ ላይ ተጠልፏል፤ ብረቱ ሥጋዬ ውስጥ ገብቶ ቆዳዬን ልጦታል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ደግሞ በዚያ ቀጭን ጫፍ ይወጣል ተብሎ የማይታሰብ፣ ወፍራም የአባቴ ጽሕፈት ነው።

አንብቤ ተረጎምኩላት። «በሦስቱ ጽዶችና በምንጩ መካከል ያለው ማሳ» የሚለው ላይ ስደርስ ራሷን ነቀነቀች። እኔ ግን ማንበቤን አቋረጥኩ። ስለ ጽድም ስለ ምንጭም ያን ቀን አልነገረችኝም። ምናልባት አባቴ ራት ላይ አውርቶት ሰምቼው ይሆናል። ዛሬም ድረስ እንደዚያ እላለሁ፤ መስማቴን ግን አላስታውስም። ሴትዮዋ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን በመዳፏ ዳሰሰችና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ቀድጄ እንደገና ልጻፈው ብዬ ነበር፤ ሰዓት አልነበረም። ከታች እንደ ደንቡ «ጸሐፊ» ብዬ ስሜን አሰፈርኩና አብሬያት ገባሁ።

የመዝገብ ቤቱ ሹም የአባቴ የረጅም ጊዜ ወዳጅ ነው። የመቃብሩ ጉድጓድ ሲቆፈር ከቆሙት አንዱ ነበር። ወረቀቱን ተቀብሎ ሁለት መስመር አነበበ። አማተበ። ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ይሄን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ልጄ፣ ወዳጄን አፈር ያለበስኩት እኔ ነኝ። ጽሕፈቱን አታስተምሪኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ራፖር ጸሐፊዎች ዝናብ ሲሆንና ባለጉዳይ ሲጠፋ ወረቀት ቀድመው የመጻፍ ልማድ ነበራቸው፤ መግቢያውን፣ ማዕረጉን፣ መዝጊያውን ጽፈው፣ ስምና ቀን ባዶ ይተዋሉ። አባቴም ያደርገው ነበር። ሹሙ ደግሞ ይህችን ሴትዮ በክረምት ከአባቴ ጋር ተቀምጣ በዓይኑ አይቷታል። ስለዚህ ደመደመ፦ አቤቱታውን የጻፈው ሟቹ ነው፤ ልጁ ከሥሩ ስሟን ጨምራ የሙት ወረቀት እየሸጠች ነው። አቤቱታ ውሸት ሆኖ ቢገኝ ጸሐፊው ይጠየቃል፤ ሙት ግን አይጠየቅም። «በሙት እጅ የተጻፈ መዝገብ አልከፍትም። በነፍሱም አልጫወትም» አለ። ጨካኝ ሰው አልነበረም።

«እንግዲያው አሁን ሌላ እጽፋለሁ» አልኩት።

«በፈለግሽው እጅ ጻፊው፤ አንዴ የሙት ወረቀት ያመጣ ሰው ያመጣውን አልቀበልም። ሌላ ጸሐፊ ትፈልግ።»

ሴትዮዋ ይህን ስተረጉምላት ራሷን ነቀነቀች። «ለሌላ ሰው ቃሌን አልሰጥም፤ የሰጠሁትን ሰጥቻለሁ» አለች። እኔ ጮህኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ «ገብሱ!» እያልኩ ጠረጴዛውን መምታቴን አስታውሳለሁ። የውስጠኛው በር ተከፈተና ዳኛው ብቅ አሉ። ወጣት ናቸው፣ ከአዲስ አበባ በቅርቡ የተሾሙ፣ መንፈስና ጥላ የሚባል ነገር የማያውቁ። ሁለታችንንም ሰምተው «ምን ያስቸግራል? እዚሁ ፊቴ ትጻፍ፣ እናየዋለን» አሉ።

የጠረጴዛቸውን ጥግ ለቀቁልኝ። ብዕሬን ከሹራቤ አንገት ነቀልኩ። ዳኛው ሁለት መስመር ያህል የሕግ ቃል እያነበቡ አስጻፉኝ። ጻፍኩ፤ ጨርሼ አየሁት። እግዚአብሔር ይመስክርብኝ፣ ያዘነበለው፣ ክብ ክቡ፣ የሰከረው የራሴ ጽሕፈት ነበር! ከነሐሴ ጀምሮ አላየሁትም። ብረቱ አልቆረቆረኝም፣ ጣቶቼ በቦታቸው ናቸው፣ ፊደሎቼ አንድ በአንድ ተመልሰው መጥተው ወረቀቱ ላይ ተቀምጠዋል። የጠፋ ልጇን በር ላይ ቆሞ ያገኘች እናት እንዴት እንደምትሆን ያን ጊዜ አወቅሁ። እንባዬ መጣ።

«ይኸው!» አለ ሹሙ በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ። «የሷ እጅ ይሄ ነው። ያኛው የሟቹ ነው። አላልኩም?»

ሴትዮዋ አንዳችንንም አልሰማችም፤ አማርኛው ፈጥኖባታል። እኔን ብቻ ነበር የምታየው። እንባዬን ስታይ ነገሯ የተሳካላት መሰላትና እፎይ አለች።

ወረቀቱን አየሁ፣ እሷን አየሁ። ከዚያ ዳኛውን፣ «እሷ ትናገር፤ እሷ ስትናገር ልጻፍ» አልኳቸው። አባቴ ቃል እየተጠራለት ጽፎ አያውቅም፤ ሰው እያወራለት ነበር የሚጽፈው። ምን እያደረግሁ እንደነበር አውቄያለሁ፤ አላወቅሁም ብል ውሸት ነው። ሴትዮዋን በኦሮምኛ «ይንገሩት» አልኳት። ይንገሩኝ አላልኩም።

ተናገረች። ባሏ ማሳውን ከድንጋይ እንዴት እንደለቀመው፣ ስንት ክረምት እንደዘሩበት፣ ገብሱ ዘንድሮ እስከ ደረቷ እንደደረሰ ነገረችው። አውራ ጣቴ ተነሥቶ ሌባ ጣቴ ላይ ሲጠለፍ አየሁት፤ አልከለከልኩትም። ብረቱ የተላጠው ቦታ ላይ ገባ። ጽሕፈቱ ከራሴ ሁለት መስመር ሥር ወፍራም ሆኖ ቀጥ ብሎ ወረደ። መጨረሻ ላይ አራት ነጥቡ ሲመታ ወረቀቱ ተበሳ።

ዳኛው ወረቀቱን አነሡ። ከአቤቱታው ጋር አስተያዩት። «የታችኛው ከአቤቱታው ጋር አንድ ነው። ከላይ ያለው ግን ሌላ ነው። አንድ ገጽ ላይ ሁለት እጅ አለ። ያንቺ የትኛው ነው?» አሉኝ።

ከላይ ያሉት ሁለት መስመሮች ገና በደንብ አልደረቁም ነበር። የላይኛው ነው ብል እውነት ነው፤ ገብሱም ከነቆመ ይገለበጣል።

«የታችኛው ነው» አልኩ። «ከላይ ያለው... ፈርቼ እጄ ተንቀጥቅጦ ነው። እሱን አይቁጠሩት።»

«እንግዲያው ይህንኑ ጽፈሽ ፈርሚ» አሉ ዳኛው። «እጄ ይህ ነው ብለሽ። ከእንግዲህ ወደዚህ ቤት የምታመጪው ሁሉ በዚሁ እጅ ይሁን፤ ሌላ ከሆነ መዝገብ ቤቱ አይቀበልሽም።» በቅንነት ነበር ያሉት፤ ከነገርና ከሐሜት ሊያድኑኝ።

ሴትዮዋ ውጭ እንድትጠብቅ ተነገራት። እኔ ጻፍኩ፦ እጄ ይህ ነው። የሚያወራለት ሰው እንኳ አላስፈለገውም፤ በአባቴ ጽሕፈት ወጣ። ስሜን ፈረምኩ፣ አውራ ጣቴን ቀለም ነክቼ አጠገቡ አተምኩ። ሹሙ በመምጠጫ ወረቀት አደረቀው። ያዘነበሉት ሁለት መስመሮቼ ላይ ዳኛው አንድ ሰረዝ አሰመሩና ወረቀቱ መዝገብ ውስጥ ገባ። ከዚያ እግዱን ፈረሙ፤ ገብሱ ታጭዶ፣ ተወቅቶ እስኪገባ ማሳው እንዳይነካ። ሹሙ እስከ በሩ ሸኘኝ። ስገባ «ልጄ» ብሎኝ ነበር፤ ስወጣ ለአባቴ ያደርግ እንደነበረው ጎንበስ ብሎ በሩን ያዘልኝ። ዓይኔን ግን አላየኝም።

ሴትዮዋ ግቢው መሀል ፀሐይ ላይ ቆማ ነበር። ወረቀቱን ስታይ ሮጣ መጣችና ቀኝ እጄን በሁለት እጇ ያዘች፤ የተላጠውን፣ ቀለም የነካውን። ሳመችው። ዳኛው ምን አሉ ብላ አልጠየቀችኝም።

«አባትሽ ምን አለ?» አለችኝ።

ወረቀቱን እጇ ላይ አስቀመጥኩላት።

«ገብስዎን ይጨዱ ብሏል» አልኳት።